ቁጥሩ የማን ነው?

ለፍጥነት የጓጉ ወጣቶች «3500 ዙር» የተባለ ቶርክ ኮንቨርተር ለአውቶማቲክ ካምቢዮአቸው ሲመርጡ፣ ቁጥሩ የዕቃው ብቻ ይመስላቸዋል። አይደለም። ቁጥሩ መኪናው በፍሬን ተይዞ ሳለ ሞተሩ በደቂቃ ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛ ዙር ነው፤ ስለዚህ የሚወስኑት ሞተሩና ኮንቨርተሩ በጋራ ናቸው።

ጀርመናዊው ኸርማን ፎቲንገር እ.ኤ.አ. በ1905 ፓተንት ያወጡበት ይህ መሣሪያ ኃይልን በፈሳሽ ፍሰት ያስተላልፋል። የሚቀበለው ቶርክ ከዙሩ 2ኛ ርቢና ከዲያሜትሩ 5ኛ ርቢ ጋር ይመጣጠናል። በመሆኑም ቅርጹ ሳይለወጥ ዲያሜትሩ በ10 በመቶ ቢያንስ፣ ለዚያው ቶርክ ዙሩ በ30 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

ከፍተኛ ቶርኩን በ4000 ዙር የሚሰጥ ሞተር በዚህ ይጠቀማል፤ ሲነሣ አይደክምም። ቶርኩን በ2000 ዙር ለሚሰጥ ሞተር ግን ትርፉ ሙቀትና የነዳጅ ብክነት ነው፤ ተርባይኑ ቆሞ ሳለ ወደ ኮንቨርተሩ የሚገባው ጉልበት በሙሉ ዘይቱን ያሞቃልና።

እንግዲህ አስቀድሞ የሞተሩን የቶርክ ግራፍ ማንበብ፣ ቀጥሎም የዘይት ማቀዝቀዣውን ማሰብ ይገባል፤ ኮንቨርተሩ የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው። ቀመርን ለፈተና ብቻ የሚያጠና ተማሪ፣ ነገ ካምቢዮው ሲቃጠል ዳግም ይፈተናል።