«አያቴ ገበሬ ናቸው»

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው አገር፣ በገበዝ ማርያምም ሆነ በሌላው የምዕራብ ጎጃም ገጠር፣ በጨዋ ደንብ ያደገ ልጅ ስለ ሽማግሌ ሲናገር «አያቴ ገበሬ ናቸው» ይላል። ይኸው ልጅ እንግሊዝኛ ጻፍ ሲባል ታዲያ «ማይ ግራንድፋዘር አር ኤ ፋርመር» ብሎ ቢጽፍ ምን ይደንቃል? መምህሩ «አር» የሚለውን በቀይ ይሰርዝና «ኢዝ» ብሎ ያልፋል፤ ጓደኞቹም ይሥቃሉ። ለምን እንደ ተሰረዘበት ግን የሚነግረው የለም።

እኔ እንደሚመስለኝ ይህ ልጅ የሳተው ከደንቈሮነት የተነሣ አይደለም። የቤቱን አክብሮት ይዞ ወደ እንግሊዝኛ ስለ ገባ ነው እንጂ። በአማርኛ «ናቸው» ሁለት ሥራ አለው፤ ለብዙዎችም ይነገራል፣ ለአንድ የተከበረ ሰውም ይነገራል። የእንግሊዝኛው «አር» ግን ስለ ሦስተኛ ሰው ሲነገር የብዙዎች ብቻ ነው።

የሚገርመው፣ እንግሊዞችም ራሳቸው አንቱታ ነበራቸው። በጥንቱ ንግግራቸው አንዱን ሰው «ዛው አርት» ይሉት ነበር፤ «ዩ» የብዙዎች ነበር። ኋላ ግን ትልቅን ሰው ለማክበር ሲሉ አንዱን ሰው እንደ ብዙ ቈጥረው «ዩ» ይሉት ጀመር፤ ፈረንሳዮች ዛሬም «ቩ» እንደሚሉት ማለት ነው። ውሎ አድሮ አክብሮቱ ለሁሉም ተዳረሰና «ዛው» ከተራው ንግግር ወጣ። በ1611 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በታተመው መጽሐፍ ቅዱሳቸው ግን ዛሬም ይነበባል። እንግዲህ አንዱን ሕፃን እንኳ «ዩ አር» የምንለው ከዚያ ከአንቱታ በቀረ ልማድ ነው። የጎጃሙ ልጅ የሠራው እንግሊዞች በ«ዩ» ላይ የሠሩትን ነው፤ ልዩነቱ እሱ በ«ሂ» ላይ መሥራቱ ብቻ ነው።

ደግሞስ ነኝ፣ ነህ፣ ነሽ፣ ነዎት፣ ነው፣ ናት፣ ነን፣ ናችሁ፣ ናቸው፤ ይህ 9 መልክ ነው። እንግሊዝኛው አም፣ ኢዝ፣ አር፤ 3 ብቻ! ዘጠኙን ገና ትምህርት ቤት ሳይገባ ያወቀ ልጅ በሦስቱ እንዴት ይሸነፋል? ግሱ ከደንብ የወጣ ነው ቢባልም፣ የእኛው «ነው» ሲፈርስ «አይደለም»፣ ሲያልፍ «ነበር»፣ ሲመጣ «ይሆናል» ይሆናል። ከዚህ የባሰ ከደንብ መውጣት ከየት ይገኛል?

ጎጃም የዋሸራ አገር ናት። የቅኔ ተማሪ ግሱን ሁሉ በስምንቱ አርእስተ ግስ ሥር እየመደበ ያጠናል፤ እንደ «ይቤ» ያለው፣ መልኩ የትንቢት ሆኖ ትርጓሜው «አለ» የሆነው ግስ ሲያጋጥመውም የኔታ እንዲሁ ያዘው ብለው አይተዉትም፤ ምክንያቱን ይነግሩታል። በአንድ ወረዳ ይህን የመሰለ የሰዋስው ትምህርት እያለ፣ በዘመናዊው ክፍል «አይ አም፣ ሂ ኢዝ፣ ዩ አር» እያሉ ማስጮኽ ብቻ ለምን እንደሚበቃ አይገባኝም። የቃል ጥናትን መናቄ አይደለም፤ ይጠቅማል። ዳሩ ግን «ናቸው» ለሁለት እንደሚከፈል አይናገርም።

ነገሩ የአንድ ቃል ጉዳይ አይምሰላችሁ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። በታችኛው ክፍል በ«አር» ተሥቆበት አፉን የዘጋ ልጅ፣ 9ኛ ክፍል ሲደርስ በፊዚክስም በባዮሎጂም አፉን እንደ ዘጋ ይቀመጣል። መምህሩ ግን «አያትህ ስንት ናቸው? አንድ ናቸው ወይስ ብዙ?» ብሎ ቢጠይቀው ልጁ መልሱን ራሱ ያገኘዋል።

እናንተም ወጣት ሹማምንት፣ የምትጽፉትን ደብዳቤ እስቲ ተመልከቱ። «ክቡር ሚኒስትሩ በስብሰባ ላይ ናቸው» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ ስትመልሱ፣ ሚኒስትሩ የቱንም ያህል ቢከበሩ፣ ግሱ «ኢዝ» ነው።