ሽማግሌ ፀሐይ ላይ አይቀጠርም

«አብሽር ጋሼ፣ ትንሽ ነው የቀረው!» አለኝ አንድ ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ። ቀረ የተባለው ሩጫው አይደለም፤ ንግግሩ ነው።

ወረኢሉ ላይ «ማስ ስፖርት» ተብለን የተጠራነው ለ12 ሰዓት ነበር። የክብር እንግዳው ብቅ ያሉት 3 ሰዓት ከ40 ላይ ነው። ከዚያ መክፈቻ፣ ከመክፈቻው በኋላ ማብራሪያ፣ ከማብራሪያው በኋላ ምስጋና። «ሩጡ» ሲባል 4 ሰዓት ተኩል ሆኗል። በ1888 ዓ.ም. የዓድዋ ዘማች በቀጠሮው እንዲከትባት በታዘዘችው ወረኢሉ ላይ መቶ ሰው በሰዓቱ ማሰናበት እንዲህ ያቅታል?

አጠገቤ የቆመው ጎረቤቴ 70ን ተሻግሯል። የታደለውን ናይለን ካናቴራ ከሹራቡ ላይ ደርቦታል፤ ማውለቅ ነውር መስሎት። ሁለት መቶ ሜትር ያህል እንደሮጥን ዞር ብዬ አየሁት። ፊቱ ደም መስሏል፣ ግንባሩ ግን ጠብታ ላብ የለበትም። እኔም በ63 ዓመቴ መሬቱ ይዞርብኝ ጀምሮ ነበር። ያዳነን አንዲት ሴት ከጀሪካኗ አንገታችን ላይ ያፈሰሰችው ውኃ ነው እንጂ አዘጋጆቹ ያሰናዱት ጥላ አይደለም፤ አልነበረማ!

«ደጋ ላይ ደግሞ ምን ሙቀት አለ?» የሚል አይጠፋም። ወንድሜ፣ እሳቱ ከውስጥ ነው። ጡንቻ ከሚያነደው ጉልበት ለሩጫው የሚውለው ከሩብ እምብዛም አይበልጥም፤ ሌላው ሙቀት ሆኖ ሰውነት ውስጥ ይቀራል። የሚወጣው ደም ወደ ቆዳ ሲወጣና ላብ ሲተን ነው። ዕድሜ ሲገፋ የላብ ዕጢው ይሰስታል፣ የቆዳው ደም ሥር እንደ ድሮው አይከፈትም፣ ጥማቱም ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ብዙ ሽንት የሚያሸና የደም ግፊት ክኒን የሚውጥማ ከቤቱ ሲወጣ ገና ደርቆ ነው። ሙቀት የማስወጣት አቅም መድከም ደግሞ የሚጀምረው በ70 አይደለም፤ በ40 ገደማ ነው። ባለማይክሮፎኖቹም ከተራው ውጪ አይደሉም ማለት ነው። 

እንዲህ ስል ልጆቼ «ታዲያ ቤትህ ተቀመጣ!» ይሉኛል። እነሱስ ብሰዋል! ማሞ ወልዴ የሜክሲኮን ማራቶን ሲያሸንፍ 36 ዓመቱ ነበር፤ በ40 ዓመቱ ሙኒክ ላይ ነሐስ አጠለቀ። ሙቀት የመቻል አቅማችንን በዕድሜ አሳብበን እንቀብረዋለን እንጂ ብዙውን የነጠቀን መቀመጡ ነው። እንቅስቃሴ ያላቋረጠ ሽማግሌ ተቀምጦ ከሚውል ወጣት ይልቅ ሙቀት ሊችል ይችላል። ሰውነት ሙቀትን ቀስ በቀስ ቢለማመድ በአንድ ሁለት ሳምንት ላቡን ቀድሞ ማውጣት ይማራል። እኔን የሚገድለኝ ሩጫው ሳይሆን ሹራብ ለብሶ ፀሐይ ላይ መገተሩ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 ዶሃ ላይ የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን የተጀመረው እኩለ ሌሊት ላይ ነበር። እንዲያም ሆኖ ከተነሱት 68 ሯጮች 28ቱ አቋርጠዋል፤ የኛ ሦስቱም ልጆች መጨረስ አልቻሉም። የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን ደግሞ ሙቀት ተፈርቶ ወደ ሳፖሮ ተወሰደ። ለብርቱዎቹ ሻምፒዮኖች ሰዓትና ከተማ ይቀየራል፤ ለወረኢሉ ጡረተኛ ንግግር እንኳ አይታጠርም!

አባቴ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም። ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ግን በሌሊት ነበር በቅሎውን የሚጭነው። ቁልቁል አንድ ሺህ ሜትር ሲወርድ ሙቀቱ ስድስት ሰባት ዲግሪ እንደሚጨምር ማንም አልነገረውም፤ ቆዳው ያውቅ ነበር። ፀሐይ ስትከር ዋርካ ሥር ቅሉን ተንተርሶ ይጋደማል። የሚያልፍ ጎረምሳ ቢስቅበት «ሂድ፣ እደርስብሃለሁ» ይለዋል። ይደርስበትም ነበር፤ ጎረምሳው ጥላ ፍለጋ ቋጥኝ ሥር ተኮራምቶ።

ለመጪው እሑድም ተጠርቻለሁ፣ ለ12 ሰዓት። እሄዳለሁ። ጎረቤቴንም ሹራቡን አስወልቄ እወስደዋለሁ፤ ማንንም ሳንጠብቅ ዙራችንን ሮጠን እንመለሳለን። የክብር እንግዳው ማይክሮፎኑን «አንድ፣ ሁለት» እያሉ ሲሞክሩ እኛ ቤቴ ቶናውን ጨርሰናል።