«ማንሳት ክልክል ነው!»

አዲስ አበባ ውስጥ ካሜራ አንግታችሁ ወጥታችሁ ታውቃላችሁ? ስልክ አላልኩም። ስልክማ ሁሉም ይዞ ይዞራል፣ ማንም አይጠይቀውም። ሌንሱ ወጣ ያለውን፣ ማንገቻ ያለውን፣ ሲያነሱበት «ቀጭ» የሚለውን ካሜራ ማለቴ ነው። ካላወቃችሁ አንድ ቅዳሜ ሞክሩት። ቀበና ድልድይ ላይ ቁሙና ወንዙን አነጣጥሩ። ብዙም ሳይቆይ ከየት እንደመጣ የማታውቁት ሰው «አንተ! ምንድነው የምታነሳው?» ቢላችሁ እንዳትደነግጡ። ጠያቂው የደንብ ልብስ ሊኖረው ይችላል፣ ላይኖረውም ይችላል። በዚህ ከተማ ካሜራ ለማስቆም ሥልጣን አያስፈልግም፣ ድምፅ ብቻ ይበቃል።

ከዚያ በኋላ ያለው ንግግር ሁሌም አንድ ዓይነት ነው።

«ክልክል ነው።»
«ለምን?»
«ክልክል ነዋ!»
«የት ተጽፏል?»
«መታወቂያህን አምጣ።»

እኔን አንድ ጥበቃ (የት እንደሆነ ይቅር) አንድ ድልድይ ላይ ያነሳኋቸውን ፎቶዎች አጠገቤ ቆሞ አንድ በአንድ አስጠፍቶኛል። ድልድዩ ሲያልቅ ወደ ኋላ እየሄደ የእህቴን ልጅ የልደት ፎቶም አስጠፋኝ። ኬኩ ለአገር ደኅንነት ምን ስጋት እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ወደ ቁም ነገሩ እንምጣ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 መረጃ የመፈለግ፣ የመቀበልና የማሠራጨት ነፃነትን በቃል ይሁን በጽሑፍ ወይም በሥነ ጥበብ መልክ ይፈቅዳል። ነፃነቱ ገደብ ሊኖረው ይችላል፣ ገደቡ ግን በሕግ መቀመጥ አለበት ይላል። በሕግ ማለት ጥበቃው ጠዋት የተነሳበት ስሜት ማለት አይደለም። የሚገርመው፣ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለዜጎቹ ባወጣቸው የጉዞ ምክሮች «ኢትዮጵያ ውስጥ ድልድይ፣ መንገድ፣ ግድብና አየር ማረፊያ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፤ ቦታዎቹም ብዙ ጊዜ ምልክት የላቸውም» የሚል ማሳሰቢያ ሰጥቷል። ፈረንጁ ከመምጣቱ በፊት አገሩ ነገረችው። ለእኛ ማን ነገረን? እኛ የምናውቀው ክንዳችን ሲያዝ ነው።

«ለደኅንነት ነው» ይባላል። እሺ፣ የጦር ካምፕ አይነሳ፤ ማንም ጤነኛ ሰው አይከራከርም። ድልድይ ግን መቶ ሺህ ሰው በቀን የሚያየው ነገር ነው። ጉግል ኧርዝ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ከሰማይ እያሳየን ያለውን ድልድይ ከእኔ ካሜራ መደበቅ ምን ይሉታል? በሰሜኑ ጦርነት፣ ሰኔ 2013 ዓ.ም.፣ የተከዜ ድልድይ ፈርሶ እርዳታ የጫኑ መኪኖች መንገድ አጡ። ድልድይ የሚያፈርስ ኃይል መጀመሪያ መጥቶ ጀንበር ስትጠልቅ የሚያምር ፎቶ አያነሳም። የሚጠብቀው ሰው ሊፈራ የሚገባው ፈንጂ ነው፤ የሚያስቆመው ግን ተማሪ ነው።

የባሕር ዳሩን እንኳ ተመልከቱ። አሮጌው የዓባይ ድልድይ ላይ ካሜራ ማውጣት ለብዙ ዓመታት ከጥበቃ ጋር መጣላት ነበር። ዓባይን በእግሩ እየተሻገረ ያየ ሰው ለልጁ የሚያሳየው ነገር ሳይኖረው ቀረ። 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ ድልድይ ደግሞ ግንቦት 2016 ዓ.ም. ሲመረቅ ከላይ፣ ከታች፣ ከግራ፣ ከቀኝ፣ በሌሊት መብራቱ ጭምር በየቴሌቪዥኑ ታየ። ሚስጥሩ በአንድ ቀን ምን ሆኖ ጠፋ?

አዲስ አበባም እንዲሁ ናት። አንድነት ፓርክ በ2012፣ እንጦጦ ፓርክ በ2013፣ የአድዋ ድል መታሰቢያ በ2016 ተከፈቱ። ከዚያ ኮሪደሩ መጣ፤ የወንዝ ዳርቻው፣ አምፖሉ፣ አግዳሚ ወንበሩ። ከተማዋ እንደ ሙሽራ የተኳለችው ፎቶ እንድትነሳ ነው፤ ሌላ ምክንያቱ አይታየኝም። ድሮን እኛ ያለ ፈቃድ ማስገባት አንችልም፣ የባለሥልጣናት ገጾች ግን በድሮን ቪዲዮ የተሞሉ ናቸው። እንግዲህ የተከለከለው ፎቶው አይደለም ማለት ነው። የተከለከለው አንሺው ነው። እነሱ የመረጡትን ማዕዘን እናያለን፣ ሼር እናደርጋለን፣ እናመሰግናለን። ከድልድዩ ሥር ያለውን ቆሻሻ ወይም እዚያ የሚያድሩትን ልጆች የሚያነሳው «ክልክል ነው» ይባላል።

በጥበቃው ላይ ብቻ አልፈርድም። ብፈቅድለትና አንድ ነገር ቢፈጠር እጠየቃለሁ ብሎ ያስባል። ከከለከለ ግን ማንም «ለምን ከለከልክ?» ብሎ ደመወዙን አይቆርጥበትም። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ሳልከለክል አልቀርም። ጥፋቱ ያለው ይህንን ሒሳብ ያደላደለለት አለቃ ዘንድ ነው።

ይሄ የትርፍ ጊዜ መዝናኛ ጉዳይ የሚመስላችሁ ካላችሁ ፒያሳን አስቡ። በ2016 ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። በ2017 ካዛንቺስ ተከተለ። እዚያ ተወልዶ ያደገ ሰው ዛሬ ሰፈሩን ለማየት ከድሮ አልበም ውጭ ምን አለው? የምኒልክንና የኃይለ ሥላሴን ዘመን አዲስ አበባ የምናውቃት የቦያጂያን ቤተሰብን የመሳሰሉ አርመኖች ካሜራ ስለያዙ ነው፤ ቤድሮስ፣ ኋላም ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ። የተራውን ሰው ኑሮ ያየንበት «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው መጽሐፍም የተሰበሰበው ከየቤቱ አልበም ነው። የእኛን ዘመን ጎዳና ማን እያስቀመጠው ነው? የስልክ ፎቶ አለ እንዳትሉኝ። የስልኩ ፎቶ ዘጠና በመቶው የራሳችን ፊት ነው (ቁጥሩ የግምት ነው፣ ስልካችሁን ከፍታችሁ አረጋግጡ)።

የምንጠይቀው ትንሽ ነው። የተከለከለ ቦታ ካለ ምልክት ይተከልበት፣ የከለከለው ሕግ ቁጥርም ይጻፍበት። ምልክት የሌለበት ቦታ የተፈቀደ ነው ተብሎ ለጥበቃውም ለእኛም በአንድ ቋንቋ ይነገረን። ፎቶ ማስጠፋት ደግሞ የማንም ጥበቃ ሥራ አይደለም።

እስከዚያው ካሜራ ያላችሁ ልጆች፣ በሰፈራችሁ ያለውን ድልድይ በዚህ ሳምንት አንሱት። ቀኑንና ቦታውን ጻፉበት፣ ሁለት ቦታ አስቀምጡት። ጥበቃው ከመጣ በትህትና «ጋሼ፣ አንቀጹ ስንት ነው?» በሉት። የልደት ፎቶዎቻችሁን ግን ከመውጣታችሁ በፊት ከካሜራው ገልብጡ።