ከባልንጀራ ጋራ ማንበብ

ትምህርት ቤት ሳለን መጽሐፍ የምናነበው አስተማሪው ስለሚያዘን፥ ፈተናውም ስለሚያስፈራን ነው። ፈተናው ባለቀ ዕለት ብዙዎቻችን መጽሐፉንም አብረን እንዘጋዋለን። ዲግሪውን ይዞ መሥሪያ ቤት የገባ ወጣት ከዚያ ወዲህ የሚያነበው ደብዳቤ፥ መመሪያና ቃለ ጉባኤ ይሆናል። ማታ ቤቱ ሲገባ ደግሞ ከስልኩ ላይ አጫጭር ወሬ ሲለቃቅም ይመሽበታል። እንዲህ ሆኖ አምስት ዓመት ከቆየ አነጋገሩ ሳይቀር የመመሪያ አነጋገር ይሆናል፤ ቀድሞ ይወድደው የነበረውን መጽሐፍ ቢያነሣም ዐሥረኛው ገጽ ላይ ሳይደርስ እንቅልፍ ይወስደዋል።

ይህን ሁሉ ስንፍና ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ነገሩን በቅርብ ለተመለከተው ግን ሌላም ምክንያት አለው። ተማሪ ሳለን ያነበብነውን የሚጠይቀን ሰው ነበረ፤ አሁን የለም። ብርቱ ፈቃድ ያለው ሰው ጠያቂ ባይኖረውም ያነባል። እንደ ብዙዎቻችን ያለው ግን ዛሬ ነገ ሲል መጽሐፉ አቧራ ይለብሳል። ለዚህ የሚሆነውን መድኃኒት አባቶቻችን በተረት ነግረውናል፤ «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይላሉ።

እንግዲህ በዛሬው ዓምድ ልንነጋገርበት የወደድነው ነገር ይህ ነው፤ ሁለት ባልንጀሮች አንድ መጽሐፍ መርጠው፥ በአንድ ሳምንት አንድ ምዕራፍ ላይ እየደረሱ፥ ያነበቡትን እየተጨዋወቱ ቢያነቡ፤ እንዲህ ያሉ ሦስት ወይም አራት ጥንዶችም ተባብረው በየወሩ አንድ መጽሐፍ የሚመርጥ ማኅበር ቢያቆሙ። ለዚህ አዳራሽም ሻይ ቤትም አያስፈልግም። አንዱ ደብረ ማርቆስ፥ አንዷ ዲላ፥ አንዱ አዲስ አበባ ቢመደብ በቴሌግራም አንድ ግሩፕ ከፍተው መገናኘት ይችላሉ። ባልንጀሮቹን ከዩኒቨርሲቲ በኋላ ለተለየና ሰው በማያውቅበት ወረዳ ለተመደበ ወጣት ደግሞ ይህ ከመጽሐፉም በላይ ዋጋ አለው።

አሳቡ አዲስ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1727 ዓ.ም. ቤንጃሚን ፍራንክሊን ገና የ21 ዓመት ወጣት ሳለ በአሜሪካ በፊላዴልፊያ ከተማ ጁንቶ የተባለ ማኅበር አቋቋመ። አብዛኞቹ አባሎች በእጃቸው ሥራ የሚኖሩ ወጣቶች ነበሩ። ዓርብ ዓርብ ማታ እየተሰበሰቡ በአንድ ጥያቄ ላይ ይከራከሩ ነበር። መጽሐፍ ውድ ስለ ነበረም የየራሳቸውን ባንድ ክፍል አከማችተው ይዋዋሱ ጀመር። ይኸው አሳብ እየሰፋ ሄዶ በ1731 በመዋጮ የሚተዳደር ቤተ መጻሕፍት አስቆመ፤ ቤተ መጻሕፍቱ እስከ ዛሬ አለ።

የእኛም አገር ሰው ከዚህ የሚያንስ ልምድ የለውም። የጽዋ ማኅበርን አስቡ። ቀኑ በየወሩ የታወቀ ነው፤ ማንም «መቼ ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ድግሱ በተራ ነው፤ ጽዋውን የወሰደ ሰው ከአንድ ወር በፊት ተራው እንደ ሆነ ስለሚያውቅ ይሰናዳል። በላዩም ሙሴ አለ፤ የቀረውን የሚጠይቅ፥ የታመመውን የሚያስጠይቅ፥ የተጣላውን የሚያስታርቅ። የንባብ ማኅበር የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱን ሲያጣ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ምርጫው እንነጋገር። ብዙ ማኅበሮች የወሩን መጽሐፍ በድምፅ ብልጫ ይመርጣሉ፤ ይህም ፍትሕ ይመስላል። ነገር ግን ስድስት አባሎች ቢኖሩና አራቱ የፍቅር ልብ ወለድ የሚወዱ ቢሆኑ ዓመቱን ሙሉ የሚመረጠው እርሱ ነው። ታሪክ የሚወድደውና ግጥም የምትወደው ሁለት ወር ታግሠው በሦስተኛው ዝም ይላሉ፤ በአራተኛው ይወጣሉ። ስለዚህ መጽሐፉ እንደ ጽዋው በተራ ቢዞር ይሻላል። ተራው የደረሰ ሰው መርጦ፥ ለምን እንደ መረጠው በአምስት መስመር ጽፎ፥ ከአንድ ወር በፊት ያስታውቅ። የቀሩት አባሎች ፈጽሞ የማይወዱትን ዐይነት መጽሐፍ በዓመት አንድ ጊዜ ቢያነቡ ምን ይጐዳቸዋል? እንዲያውም የማኅበሩ ትልቁ ትርፍ ይህ ነው፤ ብቻችንን ብንሆን የማናነሣውን መጽሐፍ ሌላው ያስነሣናል።

ቀጥሎ የቀኑን ሒሳብ እንይ። የእኛ ወር 30 ቀን ስለ ሆነ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። አራት ሳምንት ወይም 28 ቀን ለንባብ፥ የቀሩት ሁለት ቀኖች ለመዝጊያው ጨዋታ ይሁኑ። 280 ገጽ ያለው መጽሐፍ በቀን ዐሥር ገጽ ይደርሰዋል ማለት ነው። ዐሥር ገጽ ደግሞ ታክሲ ሲጠበቅና ምሳ ሲበላ በሚባክነው ሰዓት የሚነበብ ነው። በየሳምንቱ የት መድረስ እንደሚገባ የሚናገረው ሠሌዳ ከወሩ መጀመሪያ በፊት ለሁሉም ይድረስ፤ ኢንተርኔት ቢቋረጥ እንኳ ሥራው እንዳይቋረጥ እያንዳንዱ በደብተሩ ይገልብጠው።

መጽሐፉም ከወሩ ጋራ ይስማማ። ሰኔ ለሁላችሁም ከባድ ነው፤ ተማሪው ፈተና አለበት፥ የመንግሥት ሠራተኛውም ሰኔ 30 የሚዘጋ የበጀት ዓመት አለበት። ስለዚህ ለሰኔ አጭር ነገር ምረጡ። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው፥ የአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» አጭር ነው፤ ቋንቋው ግን ጣት ጠቁመው ሁለት ሆነው ቢያነቡት ይጣፍጣል። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ነው፤ ለትልቅ መጽሐፍ የተመቸ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከ500 ገጽ በላይ ነውና በአንድ ወር አትሩጡበት። ሁለቱን ወር ስጡት፤ በቀን ዐሥር ገጽ እየተነበበ ከጳጉሜን በፊት ያልቃል። ሁዳዴም ረመዳንም ሲመጣ ጾመኛውን አስቡና ገጹን ቀነስ አድርጉ። በአንዱ ወር ደግሞ ቴአትር አንብቡ። የመንግሥቱ ለማ «ያላቻ ጋብቻ» ቢመረጥ እያንዳንዱ አንድ ሰው ይዞ ድርሻውን በድምፅ ቀርጾ ቢልክ ሳቁ ብቻውን ማኅበሩን ያሰነብተዋል። የጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀኖች ከመጽሐፍ ነጻ ይሁኑ፤ የዓመቱን ንባብ መለስ ብሎ ለማየት ይበቃሉ።

«መጽሐፉ ከየት ይገኛል? ደመወዛችንስ ይበቃል ወይ?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው እውነተኛ ነው። መጽሐፍ ለዝቅተኛ ደመወዝተኛ ከባድ ወጪ ሆኗል። የሁለት ባልንጀሮች ንባብ ጥቅሙ እዚህም ላይ ነው፤ በአንድ ከተማ ያሉ ሁለት ሰዎች ግማሽ ግማሽ አዋጥተው አንድ ቅጅ ይገዛሉ። ከሰኞ እስከ ረቡዕ አንዱ፥ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ሌላው ያነብባል፤ እሑድ ይጨዋወታሉ። ዓመቱ ሲያልቅ መጻሕፍቱን በዕጣ ይካፈላሉ። አዲስ አበባ ያላችሁ በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አሉላችሁ። በክፍለ ሀገር ያላችሁ ደግሞ በየከተማው የሚገኙትን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትና የአሮጌ መጻሕፍት ሻጮችን አትርሱ።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። መጽሐፉን ገጽ በገጽ ፎቶግራፍ አንሥቶ በግሩፕ የሚበትን ሰው በየስፍራው አለ፤ የሚቀበለውም ብዙ ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያው ይህን አይፈቅዱም። ሕጉ ቢቀር እንኳ ነገሩን በኅሊናችሁ መዝኑት። ደራሲው ሦስትና አራት ዓመት የደከመበትን በነጻ ወስደን ስለ ሥነ ጽሑፍ ፍቅር ብንጫወት የሚቀጥለውን መጽሐፍ በምን አቅሙ ይጻፍልን? የንባብ ማኅበር የደራሲ ወዳጅ መሆን ይገባዋል። ስለዚህ ሙሴው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተቀዳ መጽሐፍ በማኅበሩ ውስጥ እንዳይላክ ይከልክል።

አሁን ወደ ጨዋታው እንምጣ። የመጀመሪያው ደንብ መጨረሻውን አለመናገር ነው። አንዱ መጽሐፉን በሦስት ቀን ጨርሶ «እገሌ እኮ ይሞታል» ብሎ ቢጽፍ የሌሎቹን ወር አጠፋባቸው። ቀድሞ የጨረሰ ሰው የሳምንቱን ድንበር እየጠበቀ ይነጋገር። ሁለተኛው ደንብ አስተያየት የሚሰጥ ሰው ገጹን ይጥቀስ። «ጥሩ ነው» «አልወደድሁትም» ማለት ጨዋታ አያስኬድም፤ «በዚህ ገጽ ላይ ሴትዮዋ ለምን ዝም አለች?» ማለት ግን ስድስት ሰው ያናግራል። ሦስተኛው ደንብ ዓይነ አፋሩን ማሰብ ነው። በሰው ሁሉ ፊት መጻፍ የሚያፍር ሰው ለጥንዱ በግሉ ይናገራል፤ ጥንዱም አስፈቅዶ «እገሊት ያየችው ነገር ደስ ይላል» ብሎ ያወጣላታል። ጥንዶቹ በየወሩ ቢለዋወጡ በዓመቱ መጨረሻ ሁሉም ሁሉን ያውቃል።

አራተኛው ደንብ ከሁሉ ይከብዳል፤ እርሱም ሳይናናቁ መከራከር ነው። ፍራንክሊን በማኅበሩ ውስጥ «ይህ እንዲህ ነው፥ ሌላ የለም» ብሎ የሚናገርንና የባልንጀራውን ቃል ፊት ለፊት የሚያፈርስን ሰው ጥቂት ገንዘብ ያስቀጡት እንደ ነበረ ጽፎአል። እኛም ይህ ቅጣት ሳያስፈልገን አይቀርም። በ1962 ዓ.ም. የታተመውን የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» ብታነቡ የተማረው ወጣትና የአገሩ ሽማግሌዎች ሲከራከሩ ታገኛላችሁ፤ ከአባሎቹም አንዱ ለወጣቱ፥ አንዷ ለሽማግሌዎቹ ትቆማለች። የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ብታነቡ ደግሞ ክርክሩ ከመጽሐፉ ውጭ መውጣቱ አይቀርም። ያ መጽሐፍ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. እንደ ወጣ ቀረ። አንድ ሰው ይህን ያህል የከፈለበትን መጽሐፍ ተሰዳድቦ መዝጋት ነውር ነው። በዘር ወይም በሃይማኖት ሰውን የሚነካ ቃል ሲወጣ ሙሴው ዝም ካለ ማኅበሩ የዚያን ቀን ፈረሰ። በመጽሐፍ ሰዎች ጠባይ ላይ በትሕትና መከራከር የለመደ ወጣት ነገ በመሥሪያ ቤቱ ስብሰባም እንዲሁ ያደርጋል። አገራችን ከዚህ የሚበልጥ ምን ትፈልጋለች?

የመጨረሻው ነገር ወደ ኋላ የቀረውን መጠበቅ ነው። ማኅበር የሚሞተው በጠብ ብቻ አይደለም፤ በሐፍረትም ይሞታል። አንዱ ሁለት ሳምንት ሳያነብ ይቀራል፤ ያፍርና ዝም ይላል፤ ዝምታው ሲረዝም ይጠፋል። ስለዚህ ጥንዱ ሦስት ቀን ዝም ያለበት ሰው ይደውልለት። «ለምን አላነበብህም?» ብሎ አይጠይቀው፤ «ደኅና ነህ ወይ? እስከ የት ደረስህ?» ይበለው። ታሞ ወይም ሥራ በዝቶበት ከሆነ «ያለፈውን ባጭሩ ልንገርህና ከዚህ ሳምንት ጀምር» ይበለው። ያላነበበም ሰው መጥቶ ይስማ፤ የሚመጣውን ወር ያነብባል።

እንግዲህ አንባቢዎች ሆይ፥ ሃምሳ ሰው ለመሰብሰብ አትነሡ፤ ብዙ ሰው ባለበት ሁሉም ሌላውን ይጠብቃል። በዚህ ሳምንት ለአንድ ባልንጀራ ብቻ ደውሉ። ሁለታችሁም ልታገኙት የምትችሉት፥ ከ300 ገጽ የማይበልጥ አንድ መጽሐፍ ምረጡ። ከሚመጣው ወር 1 ቀን ጀምራችሁ በቀን ዐሥር ገጽ አንብቡ፤ እሑድ እሑድ ግማሽ ሰዓት ተጨዋወቱ። መጀመሪያውን መጽሐፍ ስትጨርሱ ሦስተኛውንና አራተኛውን ሰው ጥሩ። ቀኑን አትለውጡ፤ ተራውንም አታፍርሱ።