የጤና መድን የሚገባው በጤና ጊዜ ነው

ሐኪም ፊት የተቀመጠ ሰው በመጀመሪያ የሚናገረው ሕመሙን ነው ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። በሥራዬ የማየው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። «ምርመራው ስንት ያስወጣል?» የሚለው ጥያቄ «እዚህ ጋ ያመኛል» ከሚለው ይቀድማል። የደም ግፊት መድኃኒቱን አንድ ቀን እየዘለለ የሚወስድ፣ የኢንሱሊን መጠኑን በራሱ ፈቃድ የሚቀንስ፣ ቀዶ ሕክምና ታዝዞለት «ቤተሰብ አማክሬ ልምጣ» ብሎ የሚቀር ታካሚ ሁሉ ቸልተኛ አይደለም። ብዙዎቹ ኪሳቸውን ቆጥረው ነው። ስለዚህ ስለ ጤና መድን መነጋገር ከሕክምና ርዕስ መውጣት አይደለም።

የመድንን አሠራር ለመረዳት ዕድርን ማሰብ ይበቃል። ለዓመታት ለዕድር ሲከፍሉ ኖረው ቤትዎ ሐዘን ስላልገባ «ገንዘቤ ባከነ» አይሉም፤ ተመስገን ይላሉ እንጂ። በጤና መድን ላይ ግን «ዓመቱን ሙሉ አልታከምኩበትም፤ ለምን አድሳለሁ?» የሚል ብዙ ነው። ጤነኛው ሲወጣና የታመመው ብቻ ሲቀር ገንዘቡ ያልቃል፣ በመጨረሻም ለማንም የማይደርስ ይሆናል። ዛሬ ያልተጠቀሙበት መዋጮ የጎረቤትዎን ልጅ አሳክሟል፤ ነገ ደግሞ የእርሱ መዋጮ እርስዎን ያሳክማል።

ለመሆኑ ለእርስዎ የሚሆነው የትኛው ነው?

አርሶ አደር ከሆኑ፣ ወይም በከተማ በጉልት፣ በሱቅ፣ በፀጉር ቤት፣ በልብስ ስፌትና በመሳሰሉት የግል ሥራዎች የሚተዳደሩ ከሆነ ለእርስዎ የታሰበው ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ከዚያ በኋላ ወደ ሌሎች አካባቢዎች የተስፋፋ ሥርዓት ነው። ምዝገባው በግለሰብ ሳይሆን በቤተሰብ ነው፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ቤት የታመመውን ብቻ መርጦ ቢያስመዘግብ ከላይ ያነሣነው ችግር ይከተላል። አካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ይካተታሉ። 18 ዓመት የሞላቸው ልጆችና አብረው የሚኖሩ ዘመዶች ተጨማሪ መዋጮ ሊጠየቅባቸው ስለሚችል ሲመዘገቡ አንድም ሰው ሳይደብቁ ያሳውቁ። መክፈል ለማይችሉ ወገኖች ደግሞ መዋጮውን መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር አለ፤ የሚለዩት በሚኖሩበት ቀበሌና ወረዳ ነው።

የዚህ መድን አባል ሕክምናውን የሚጀምረው ውል ካለው ጤና ጣቢያ ነው። ወደ ሆስፒታል የሚሄደው በሪፈር ወረቀት ነው። አስቸኳይ ሁኔታ ካልሆነ በቀር ጤና ጣቢያውን ዘሎ ሆስፒታል የሄደ ሰው ወጪውን ከኪሱ ለመክፈል ሊገደድ ይችላል። ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ መነጽር፣ ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምናና የውጭ አገር ሕክምና በሽፋኑ ውስጥ አይገቡም።

ደመወዝተኛ ለሆኑት የተዘጋጀው የማህበራዊ ጤና መድን ነው። አዋጁ ቁጥር 690 ሆኖ በ2002 ዓ.ም ወጥቷል፤ ሠራተኛውና አሠሪው እያንዳንዳቸው የደመወዙን 3 በመቶ እንዲያዋጡ የታሰበ ቢሆንም ትግበራው በተደጋጋሚ ሲራዘም ቆይቷል። በዚህ መካከል የቀረው መካከለኛ ደመወዝ የሚያገኘው ሠራተኛ ነው። ድሃ ስላልሆነ አይደጎምም፤ ሀብታም ስላልሆነም አንድ ቀዶ ሕክምና ያጠባውን ሁሉ ይወስድበታል። መዘግየቱ ዋጋ እንዳለው ልንዘነጋ አይገባም።

ከግል የመድን ኩባንያዎች የሚገዛ የሕክምና ሽፋንም አለ። በአብዛኛው የሚሸጠው ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው በጅምላ ሲገዙ ነው። ከመፈረምዎ በፊት የሚከተሉትን ይጠይቁ፦ የዓመቱ ጣሪያ ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለመላው ቤተሰብ? ተመላላሽ ሕክምናና መድኃኒት አለበት ወይስ ተኝቶ መታከም ብቻ? ወሊድስ? አስቀድሞ የነበረ ስኳር ወይም ደም ግፊት ይሸፈናል? ሽፋኑ ከተፈረመበት ቀን ይጀምራል ወይስ የመጠበቂያ ጊዜ አለው? ሆስፒታሉ ሂሳቡን በቀጥታ ከኩባንያው ይቀበላል ወይስ እርስዎ ከፍለው ደረሰኝ ያቀርባሉ? ለእነዚህ መልስ በጽሑፍ ካላገኙ አረቦኑ ርካሽ መሆኑ አያጓጓዎት። ሕመምዎን ደብቀው አይፈርሙ፤ የተደበቀው ሕመም ሲታወቅ ክፍያ ሊከለከሉ ይችላሉ።

አምስት ወይም ስድስት ሠራተኛ ይዘው የሚሠሩ ባለሱቅ፣ ባለጋራዥ ወይም ባለዳቦ ቤት ከሆኑ ሁለት ነገሮችን አይቀላቅሉ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰበትን ሠራተኛ የማሳከም ግዴታ የአሠሪው ነው። ከሥራ ጋር ባልተያያዘ ሕመም ሠራተኛው የሚያገኘው የሕመም ፈቃድ ግን ደመወዙን እንጂ የሕክምና ወጪውን አይመለከትም፤ የመጀመሪያው 1 ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ ነው። እንግዲህ ደመወዙ የቆመው ሠራተኛ በምን ይታከም? የጅምላ ሽፋን ለመግዛት አቅም ከሌለዎት ሠራተኞችዎ በማህበረሰብ አቀፉ መድን መመዝገብ ይችሉ እንደሆነ ወረዳውን ይጠይቁ፤ ከቻሉም የዓመት መዋጮውን ያግዟቸው። በቁልፍ ሠራተኛ መታመም ሥራው የቆመበት ባለቤት ወጪው እንደማይበዛበት ይገባዋል።

መድን የሌለውም ቢሆን ቤቱ አይቀመጥ። በመንግሥት ጤና ተቋማት የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድ፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ የቲቢና የኤች አይ ቪ ሕክምና ያለ ክፍያ የሚሰጡ ናቸው። ለእነዚህ ካርድ አይጠየቅም።

አባላት የሚያነሡት ቅሬታም ሐሰት አይደለም። መዋጮውን ከፍሎ፣ ሰልፍ ጠብቆ «መድኃኒቱ የለም፤ ከውጭ ይግዙ» የተባለ አባል በሚቀጥለው ዓመት ለምን እንደሚያድስ ማስረዳት ይከብዳል። የአባላትን ቁጥር መጨመር ብቻውን ስኬት ሊባል አይገባም። የጤና ተቋማት የመድኃኒት መደርደሪያ ከአባላት መዝገብ እኩል መታየት አለበት። እርስዎም መድኃኒት ባጡ ጊዜ የማዘዣ ወረቀቱንና ደረሰኙን ይያዙ፤ ውል የገባ መድኃኒት ቤት እንዳለ፣ ወጪው ይተካ እንደሆነም የመድኑን ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። ቅሬታዎን ያስመዝግቡ፤ በቁጣ ካርድ መቅደድ ግን የሚጎዳው ቤተሰብዎን ነው።

ዛሬ ሁሉም ቤተሰብዎ ጤነኛ ከሆነ ጊዜው አሁን ነው። በአካባቢዎ የምዝገባና የእድሳት ወቅት መቼ እንደሆነ ከቀበሌዎ ወይም ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ይጠይቁ፣ ቀኑ ሳያልፍ ይክፈሉ፣ ካርዱንም ማንም የቤትዎ ሰው በሌሊት ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ ያስቀምጡ። ሕመም ቀጠሮ አይዝም።