ከ«በተቻለ መጠን» ጋር ያለኝ ጠብ

ቅዳሜ ጎረቤታችን ቤት ቡና ተጠርቼ፣ ሁለተኛው ሳይቀዳ የእናትየው ስልክ ጮኸ። ባሕር ዳር ተምሮ በውጭ መርከብ የሞተር ክፍል የሚሠራው የመጨረሻ ልጃቸው ነው። «እማዬ፣ እዪው፣ ይኸውልሽ ባሕሩ!» ብሎ ስልኩን ወደ መስኮቱ አዞረላቸው። እሳቸው መስታወቱን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና «ምሳ በላህ?» አሉት።

እንዴት ደስ እንዳለኝ! ቀይ ባሕር ላይ መርከብ በሚመታበት ሰሞን ይኸው ልጅ አሥራ ዘጠኝ ቀን ድምፁ ጠፍቶ ነበር። ጋላክሲ ሊደር የተባለው መርከብ ከነ25 ባሕረኞቹ መጠለፉን እናት ከሬዲዮ ሰምተዋል። እህል አልወርድ ብሏቸው ከረሙ። ለካ ልጁ ደህና ነው፤ ኩባንያው ኢንተርኔቱን በሜጋባይት እየቆጠረ ስለሚሸጥለት ሒሳቡ አልቆበት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 የተሻሻለው ዓለም አቀፍ የባሕረኞች የሥራ ስምምነት ከዲሴምበር 23 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። ጥሩ የመጠጥ ውሃ በነፃ ይቅረብ፣ የአደጋ መከላከያ ልብስ ለሴቶቹም በልካቸው ይሁን፣ ባሕረኛው ከወገኑ ጋር የሚገናኝበት መንገድ ይኑረው ይላል። ውሃ በነፃ እንዲሰጥ ሕግ ማስፈለጉ ራሱ ያንገበግባል።

የዚህ ዓምድ ደንበኞች «በተቻለ መጠን» ከሚለው ሐረግ ጋር ያለኝን የቆየ ጠብ ታውቃላችሁ። እዚህም አገኘሁት! አስገዳጁ ክፍል የሚናገረው በጥቅሉ ስለ ማኅበራዊ ግንኙነት ነው። ባለመርከቡ ኢንተርኔት ያቅርብ፣ ዋጋውም ተመጣጣኝ ይሁን የሚለው ቃል ግን የማያስገድደው ክፍል ውስጥ፣ ከ«በተቻለ መጠን» ጎን ተቀምጧል። የቻለውን መጠን የሚለካው ማነው? ያው ከፋዩ ነው። ይህ ሐረግ ያለበት ሕግ በሩ ገርበብ ያለ ቤት ነው፤ መውጣት የፈለገ ይወጣበታል።

«ኢንተርኔት ዕረፍታቸውን ይበላል» የሚሉ ባለመርከቦች አሉ። የባሕረኛ ዕረፍት በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 ሰዓት እንዳያንስ ተደንግጓል፤ መጀመሪያ እሱን ያክብሩለት። በኮሮና ጊዜ 400,000 ያህል ባሕረኞች ውላቸው አልቆ ከመርከብ መውረጃ ሲያጡ፣ ስለ ዕረፍታቸው ይህን ያህል የተጨነቀላቸው ማን ነበር?

እኛም ብንሆን ማዳበሪያ ጅቡቲ ደረሰ ሲባል የምንሰማው ቶኑን ነው። ያመጣው ሰው ቤቱን ካየ ስንት ወር እንደሆነው የሚጠይቅ የለም። «ወደብ የለንም፣ የባሕር ሕግ ምን ያደርግልናል?» ለሚሉኝ ወዳጆቼ መልሴ ያቺ የጎረቤታችን ጠባብ ሳሎን ናት። ልጅ ባሕር ላይ አለን።

ወሬው መሐል ምስሉ ቀጥ አለ። ልጁ አፉን እንደከፈተ፣ ሊስቅ ይሁን ሊናገር ሳይለይ ቀረ። ስልኩን ልዘጋላቸው እጄን ስዘረጋ «ተወው ልጄ» አሉኝ። ስኒው ላይ አስደግፈው አቆሙት፤ በረካው እስኪጠጣ ድረስ ዓይናቸውን ከሱ አላነሱም።