ሐረር ላይ ነፋሱን ማን ያንብብ?

በ2024 (እ.ኤ.አ.) የፓሪስ ኦሎምፒክ አንዱ ውድድር ፓሪስ ውስጥ አልነበረም። በማዕበል ላይ በሰሌዳ የመንሸራተት ውድድር፣ ማለትም ሰርፊንግ፣ የተካሄደው ከፓሪስ ከ15 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በታሂቲ ደሴት ነው። ውድድሩ በአራት ቀን የሚያልቅ ሆኖ ሳለ አዘጋጆቹ አስር ቀን ያህል ያዙለት። በየቀኑ የነፋሱና የማዕበሉ ትንበያ ይነበባል። ጥሩ ከሆነ ይወዳደራሉ፣ ካልሆነ ሁሉም ወደ ማረፊያው ይመለሳል። ሐምሌ 20 ቀን 2016 የተጀመረው ውድድር የተጠናቀቀው ሐምሌ 29 ላይ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት በቶኪዮው ኦሎምፒክ ደግሞ የተገላቢጦሽ ሆኖ፣ አውሎ ነፋስ እየመጣ መሆኑ ሲታወቅ የፍጻሜው ቀን በአንድ ቀን ወደ ፊት እንዲመጣ ተደርጓል።

ታዲያ ይሄ ከእኛ እግር ኳስ ጋር፣ በተለይም ባህር ከሌላት ከሐረር ጋር ምን አገናኘው? ብዙ ነገር። ሐረር ባህር ባይኖራትም የምትጫወተው በባህር ነፋስ ነው።

ነገሩ ለነዋሪው አዲስ አይደለም። ከሐረር እስከ ጥንታዊቷ የወደብ ከተማ ዘይላ በአየር መስመር 300 ኪሎ ሜትር አይሞላም። የድሮዎቹ ሲራራ ነጋዴዎች ቡናቸውን ጭነው በጀጎል በሮች ሲወጡ ቀናቸውን የሚቆርጡት በነፋስ ነበር። የበርበራ ገበያ የሚደምቀው ከጥቅምት አካባቢ እስከ ሚያዝያ ነው። ከዚያ በኋላ የክረምቱ ነፋስ ሲነሳ ባህሩ ይቆጣል፣ ጀልባ አይወጣም፣ ገበያውም ይበተናል። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በጥር 1855 (እ.ኤ.አ.) ሐረር ሲገባ ያገኘው ንግድ በዚህ ‹‹ፊክስቸር›› የሚመራ ነበር። ፊክስቸሩን የሚያወጣው ነፋሱ ነው፣ ነጋዴው ይከተላል። የእኛ ሊጎች ግን መጀመሪያ ፊክስቸሩን ያወጡና ነፋሱ እንዲከተላቸው ይጠብቃሉ!

የሐረር ልዩ ችግር የሚገባው የአየር ጠባዩን በቅርብ ለተመለከተ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ተቀምጦ ፕሮግራም ለሚያወጣ ሰው ዝናብ ማለት ክረምት ነው። ሊጉ ሰኔ ሳይገፋ ካለቀ ‹‹ከዝናቡ አመለጥን›› ይባላል። በሐረርና በዙሪያዋ ግን ዝናቡ ሁለት ጫፍ አለው። አንዱ ነሐሴ አካባቢ ነው፣ ያኔ ደግሞ ሊግ የለም። ሌላው በበልጉ፣ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ነው። ከህንድ ውቅያኖስና ከዓረብ ባህር በኩል እርጥበት ተሸክሞ የሚመጣው ነፋስ ከምስራቁ ከፍታ ጋር ሲጋጭ ሚያዝያ ላይ ያፈሰዋል። ሚያዝያ ማለት ደግሞ የሁለተኛው ዙር ትኩሳት፣ ወራጅና አላፊ የሚለይበት ወር ነው። በአጭሩ ለሐረር ሜዳ ክፉው ወር የውድድሩ ወሳኝ ወር ነው።

ከዚህ ላይ አዲሱን የውድድር ዘይቤ ጨምሩበት። ከ2013 የውድድር ዘመን ወዲህ ፕሪሚየር ሊጉ ክለቦችን በተመረጡ ከተሞች እየሰበሰበ ማጫወት ጀመረ። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባህር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ በመጀመሪያው ዓመት ተራ ደርሷቸዋል። ከፍተኛ ሊጉና ከዚያ በታች ያሉትም በተመሳሳይ መንገድ ሄደዋል። ዘዴው ለቴሌቪዥን ስርጭትና ለወጪ ቅነሳ ጠቅሟል፣ ይሄ አይካድም። ለሜዳው ግን ፈተና ነው። በፊት አንድ ሜዳ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ጨዋታ ያስተናግድ ነበር። አሁን በቀን ሁለት ጨዋታ፣ በተከታታይ ቀናት ይረገጣል። አንድ ከባድ ዝናብ ከወረደ በኋላ በረጠበው ሜዳ ላይ ሁለት ጨዋታ ከተደረገ የተቦካው ጭቃ የሚጎዳው የዕለቱን ተጫዋቾች ብቻ አይደለም። በቀጣዩ ቀን፣ በቀጣዩም ሳምንት ኳስ አይንከባለልም። በመሬት ኳስ ይዞ የሚጫወት ቡድን ዋጋ ይከፍላል፣ በረጅሙ የሚለጋው ደግሞ ነጥብ ይሰበስባል። ከዚያ በኋላ አሰልጣኝ ይባረራል። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

ሐረር ቢራ በፕሪሚየር ሊጉ በነበረበት ዘመን ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው የሚመጡ ክለቦች ጉዳዩን በእግራቸው ያውቁት ነበር። ዛሬ ሐረር ከላይኛው ሊግ ርቃ ነው ያለችው። ነገር ግን ከተማዋ የኢማም አህመድ ስታዲየምን ይዛ ‹‹እኛም እናስተናግድ›› ብትል ማንም አይገረምም። ያኔ የሚነሳው ጥያቄ የሆቴል አልጋና የመለማመጃ ሜዳ ብቻ መሆን የለበትም። በየትኛው ወር? የሚለው ይቀድማል።

መልሱን የሚያግዝ መረጃ ደግሞ አለ፣ ያውም በነጻ። የኢትዮጵያ ሚቲዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየአስር ቀኑ ትንበያ ያወጣል። የበጋ፣ የበልግና የክረምት ወቅታዊ ትንበያም አለው። ‹‹በሚቀጥሉት አስር ቀናት... በምስራቅና ምዕራብ ሐረርጌ፣ በሐረሪና በድሬዳዋ...›› ተብሎ በሬዲዮ ሲነበብ አብዛኛው ስፖርት ወዳድ ጣቢያ ይቀይራል። ማስታወቂያው ለገበሬው የተጻፈ ይመስለዋል። ግን ‹‹መደበኛና ከመደበኛ በላይ ዝናብ›› የሚለው ሐረግ ለገበሬው ዘር መዝሪያ፣ ለሊግ ኮሚቴው ደግሞ ተስተካካይ ጨዋታ ማለት ነው። ‹‹መደበኛ›› ማለት የረጅም ዓመታት አማካይ ያህል ማለት ነው፣ ‹‹ትንሽ›› ማለት አይደለም። ሚያዝያ ላይ ለሐረር ‹‹መደበኛ›› ከተባለ በቂ ጭቃ አለ ማለት ነው።

እርግጥ ትንበያው ስለ ሰፊ አካባቢ እንጂ ስለ አንድ ስታዲየም አይናገርም። ጀጎል ውስጥ ኤረር በር ላይ እየዘነበ ሸዋ በር ላይ ፀሐይ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም አስር ቀን ቀድሞ የሚታወቀው ነገር ፕሮግራም ላይ የመጠባበቂያ ቀን ለማስቀመጥ ይበቃል። ሰርፊንጎቹ ያደረጉት ከዚህ የተለየ አይደለም።

ሰዓቱም ቢሆን መነጋገሪያ ነው። የምስራቁ ከፍታ ዝናብ ፀሐይ መሬቱን ካሞቀች በኋላ፣ ከሰዓት ይበረታል። ለሐረር ሜዳ ከጠዋቱ 3 ወይም 4 ሰዓት የሚጀመር ጨዋታ ከ10 ሰዓቱ ይሻላል። ተመልካቹስ? ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ የሚቀመጠው ደጋፊ በጠዋቱ ጨዋታ ቅር የሚሰኝ አይመስልም! ወደ ድሬዳዋ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወረድ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። ድሬ ከሐረር በ700 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለች ናት። እዚያ ጠላቱ ሙቀት ነውና ጨዋታው ወደ ማታ ቢገፋ ይመረጣል። አንድ ዓይነት ሰዓት ለሁለቱም ማውጣት ካርታ ያለማየት ነው። ዓለም በሙቀት ጉዳይ ቀልዱን አቁሟል። በ2014ቱ (እ.ኤ.አ.) የብራዚል ዓለም ዋንጫ ኔዘርላንድስና ሜክሲኮ በፎርታሌዛ ሲጋጠሙ ጨዋታው ለውሃ ቆሟል፣ የ2022ቱ የኳታር ዓለም ዋንጫ ደግሞ እንዳለ ከበጋው ወደ ኅዳርና ታኅሣሥ ተዛውሯል።

ከላይ የሚዘንበው ታች ያለውን እንደሚነካ ድሬዳዋ ከማንም በላይ ታውቃለች። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ሌሊት በዙሪያው ተራሮች የጣለው ዝናብ በደቻቱ ወርዶ ከ200 በላይ ሰዎችን ወስዷል። የኳስ ሜዳ ጭቃ ከዚህ ጋር አይወዳደርም። ግን ትንበያን የመስማትና ያለመስማት ልዩነት የት ድረስ እንደሚሄድ ያሳያል።

የነፋሱ ነገርም አለ። በበጋው ወራት ከሰሜን ምስራቅ የሚነፍሰው ደረቅ ነፋስ ሳር በሌለው ሜዳ ላይ አቧራ ያነሳል። ሐረር ከባህር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባህር ዳርቻው ከ15 እስከ 20 በመቶ ይሳሳል፣ ኳስም ይርቃል። ነፋስ ከጀርባ ሲጨመር በረኛ የለጋው ኳስ የተቃራኒውን ተከላካይ አልፎ ሊሄድ ይችላል። ነፋስ ፊት ለፊት ሲሆን ደግሞ የማዕዘን ምት እንኳ ተመልሶ ይመጣል። ይህን የሚያውቅ አምበል ዕጣ ሲወጣ አያንቀላፋም። ከ2019 (እ.ኤ.አ.) የሕግ ለውጥ ወዲህ ዕጣ ያሸነፈው ቡድን ኳሱን መጀመር ወይም የሚያጠቃበትን ጎል መምረጥ ይችላል። ብዙዎቹ አምበሎቻችን ምርጫው እንዳለ እያወቁ በልማድ ይመርጣሉ። የነፋሱን አቅጣጫ ለማወቅ ደግሞ ትንበያ እንኳ አያስፈልግም፣ ከሜዳው ጥግ ያለውን ባንዲራ ማየት ይበቃል።